መኪናዋ ጎማ ትበላ ነበር፦ የአንድ አሮጌ ያሪስ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ብዙ ባለመኪና የሚገጥመው ስለሆነ ነው። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ ጎማው አልቋል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ርካሹ ጎማ የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ብዙ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ የድሮው ጎማ ለምን አለቀ? ይህ ሳይመለስ የተገዛ ጎማ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ገንዘብ ያባክናል።

ዳራ

መኪናዋ የ2003 ሞዴል (በፈረንጅ አቆጣጠር) ቶዮታ ያሪስ ናት። ከአውሮፓ አገልግላ የገባች ናት። ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ልጆች አባት ነው። ቀን ቢሮ ይውላል፤ ከሥራ በኋላና ቅዳሜና እሁድ በራይድ ሰው ይጭናል። አልፎ አልፎ ቤተሰቡን ይዞ አዳማ ይወርዳል።

«ሸጦ የተሻለች ለምን አይገዛም?» የሚል ሰው የመኪና ገበያውን አላየም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ዘለለ፤ ጎማም አብሮ ዘለለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለችውን መኪና በደንብ ይዞ መቆየት ብልህነት ነው።

ችግሩ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የፊት ጎማው ተነፈሰበትና ሰፈር ውስጥ ያለ ጎሚስታ ጋ ወሰደው። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ ሲያገላብጠው ነገሩ ታየ። ከውጭ በኩል ጥርሱ አለ፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም አልሆነም። ከውስጥ በኩል ግን ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ሊሾ ሆኗል፤ ከላስቲኩ ስር ያለው ክር ብቅ ብቅ ብሏል። በዚህ ጎማ ልጆቹን ይዞ አዳማ ደርሶ ተመልሷል።

«ጋሼ፣ ይሄማ አብቅቶለታል» አለው ጎሚስታው። «አራቱንም ቀይር። ንጹሕ የጃፓን ያገለገለ አለልህ።»

ባለመኪናው የደወለልኝ ከዚያው ሆኖ ነው። በእጁ ያለው ብር ወይ ሁለት አዲስ መካከለኛ ጎማ፣ ወይ አራት ያገለገለ ጎማ ይገዛል። ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። የትኛውንም እንዳይገዛና መኪናዋን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ጎማው ለምን ተበላ?

መጀመሪያ አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ አየን። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ተበልተዋል። ሁለቱ የኋላዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አላቸው፤ መሀላቸው ላይ ግን ከጠርዙ ትንሽ ይበልጥ አልቀዋል።

ይህ አበላል ብዙ ይናገራል። ጎማ መሀሉ ብቻ ሲያልቅ ነፋስ በዝቶበታል ማለት ነው። ሁለቱም ጠርዞች እኩል ሲያልቁ ነፋስ አንሶታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅ ደግሞ ችግሩ ጎማው ላይ የለም፤ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ወይም ከመሪው ጋር የተያያዘ ነገር ላይ ነው። ነፋሱን ስንለካ የኋላዎቹ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሆነው ተገኙ። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ምልክት የሚለው ከ30 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ጎሚስታዎቻችን «ጠንከር ይበል» ብለው ይሞላሉ፤ ባለመኪናውም ጠንካራ ጎማ ጉድጓድ ይችላል ብሎ ያምን ነበር።

ከዚያ የፊቱን በክሪክ አንስተን በመቆሚያ ደገፍነው። ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን በሁለት እጅ ይዤ ገፋ ሳብ አደረግኩት። ቀጭ ቀጭ አለ። ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ምንም የለም። ከላይና ከታች ሲያዝ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ኩሽኔት ወይም ቦል ጆይንት እጠረጥር ነበር። ግራና ቀኝ ሲያዝ ብቻ መላላቱ ግን የመሪው ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) እንዳለቀ ይጠቁማል። ከታች ገብተን ስናይ የቴስቲኒው የላስቲክ ልባስ ተቀዶ ግሪሱ አልቋል።

ቴስቲኒ ሲላላ መኪናዋ በተነዳች ቁጥር የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ ሊከፈቱ ይችላሉ። ጎማው በቀጥታ መንከባለሉ ቀርቶ እንደ ላጲስ አስፋልቱ ላይ እየታሸ ይሄዳል። ምንም ዓይነት ጎማ ቢገባ፣ የቻይናም ይሁን የጃፓን፣ እጣው ያው ነው። «መኪናዋ ጎማ ትበላለች» እያለ ሲያማርር ኖሯል። እውነቱን ነው፣ ትበላ ነበር፤ የምትበላበት ምክንያት ግን ከአንድ ጎማ ዋጋ ባነሰ የሚጠገን ነበር።

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተቀመጠው «አዲስ» ጎማ

ተጠባባቂውን ጎማ ስናወጣ ባለመኪናው ደስ አለው። ጥርሱ ሙሉ ነው። አንድም ቀን መሬት የነካ አይመስልም። «ይቺን አንዱ ጋ ብናስገባትስ? ሦስት ብቻ እገዛለሁ» አለ።

የእጅ ባትሪ አብርቼ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፈለግኩ። ዶት (DOT) በሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። ከ2000 ጀምሮ በተሠሩ ጎማዎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ (የጎማ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የዚህኛው 1103 ይላል። በ2003 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ ጎማ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአውራ ጣቴ ጥርሱን ጫን ብዬ ወደ ጎን ስገፋው ከጥርሱ ስር ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። ጥፍር ስጫንበት ምልክት አይዝም፤ ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል።

ጎማ ቆሞም ያረጃል። ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ኦዞንና የፀሐይ ጨረር ላስቲኩን ያደርቁታል። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ከ6 ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ። ሚሽሊን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሆነው ጥርስ ቢኖረውም ተጠባባቂውን ጨምሮ እንዲቀየር ይመክራል። ይህን ስነግረው ባለመኪናው ዝም አለ፤ ከዚያ ጎማውን ራሱ ተንከባልሎ እንዳይሄድ ግድግዳው ጋ አስደገፈው።

ገበያው

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አካባቢ ወረድን። መጀመሪያ ያገለገሉትን አየን። ጎማዎቹ በሚያብረቀርቅ ቅባት ተወልውለው ተደርድረዋል። ሻጩ አንዱን መታ መታ እያደረገ «አባቴ፣ ኦሪጅናል ጃፓን ነው። አዲሱ ቻይና አይደርስበትም» አለ። ዕድሜውን ስንጠይቀው «ጎማ ምን ዕድሜ አለው? ጥርሱን እይ እንጂ!» አለን። ሙሉው የዶት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጎማውን ማገላበጥ ነበረብን። 2811 ይላል፤ በ2011 አጋማሽ የተሠራ። ቅባቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ስናደርገው ጎኑ ላይ ያሉት ስንጥቆች ወጡ።

እዚሁ ሌላም ነገር አየን። አንድ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ግን የቦዮቹ ጠርዝ ያልተስተካከለ፣ በቢላ የተፈለፈለ ነበር። የአውቶሞቢል ጎማ እንዲህ እንዲፈለፈል ተደርጎ አልተሠራም። ቦዩ በጠለቀ ቁጥር ወደ ክሩ ይቀርባል። መለያው ቀላል ነው፦ በቦዮቹ መሀል ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ከጥርሱ ጋር እኩል የሚሆኑ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። እነሱ ከጠፉ ወይም ከተቆረጡ ጎማው ተነክቷል።

ሻጮቹን አልወቅስም፤ ገዢው የሚጠይቀው ጥርስ ብቻ ስለሆነ የሚያሳዩትም ጥርስ ነው። ባለመኪናውን ያሳመነው ግን የዕድሜው ነገር ሳይሆን ሒሳቡ ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይኖረዋል። 1.6 ላይ መጣል ስላለበት የምትጠቀምበት 6.4 ነው። የቀረበልን ያገለገለ ጎማ 4.5 ነበረው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው 2.9። የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ከፍለህ የአዲሱን 45 በመቶ ታገኛለህ ማለት ነው። በክረምት ደግሞ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች መንዳት አደጋ አለው፤ ቦዩ ውኃውን አያስወጣም። 3ን ዝቅተኛ ገደብ ካደረግን አዲሱ 5፣ ያገለገለው 1.5 ይቀረዋል። በግማሽ ዋጋ 30 በመቶ። ይህን ወረቀት ላይ ሲያየው «ታዲያ ምኑ ነው ርካሽ?» አለ። እዚያ ላይ የሁለት ጊዜ የጎሚስታና የባላንስ ክፍያ ጨምሩበት።

አዲስ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ገባን። የያሪሷ ትክክለኛ መጠን 175/65 አር 14 ነው። ባለሱቁ ይህ መጠን አንድ ዓይነት ብቻ እንዳለውና 185/70 አር 14 ግን በቅናሽ እንደሚሰጠን ነገረን። «ሰፊ ነው፣ ለጉድጓድ ይመረጣል» አለ። ስልክ አውጥተን አሰላነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የያሪሷ ጎማ ሙሉ ዲያሜትር 583 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የቀረበልን 615 አካባቢ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ነው። መሪው ሙሉ ሲዞር ጎማው ከመከላከያው ጋር ሊፋቅ ይችላል፤ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናዋ ከ105 በላይ ትሄዳለች። በ3 በመቶ ውስጥ መቆየት የተለመደው ገደብ ነው። 165/70 አር 14 ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 1 በመቶ ስለማይሞላ በዲያሜትር በኩል ችግር አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛውን መጠን ያዝን። የቻይና ምርት ነው፤ ስሙን ባለመኪናው ሰምቶት አያውቅም። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ 82 ቲ ይላል። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ አራቱ 1,900። ለያሪስ ከነተሳፋሪዋ ይበቃል። ቲ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር አለው፤ ይህ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን የጎማ ደንብ አልፏል ማለት ነው፣ ቁጥሩ የፈቀደውን አገር ያሳያል። ከዚያ ቀኑን አየን። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልን በ2020 የተሠራ ነበር። አዲስ ነው፣ ፌስታሉ አልተቀደደም፤ ግን አራት ዓመት መጋዘን ተቀምጧል። ሌላ እንዲያመጣ ስንጠይቅ ቅር ሳይለው 0824 የሚሉ ሁለት አመጣ። ዋጋው ያው ነው። አንድ ጥያቄ አራት ዓመት አተረፈ።

አዲሱ ከፊት ወይስ ከኋላ?

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አስተያየት ነበረው። ጎሚስታውም፣ የባለመኪናው ወንድምም አዲሶቹ ከፊት ይግቡ አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ መሪ ያለው ፊት ነው፣ ያሪስ የምትጎትተውም በፊት ነው።

እኔ ከኋላ ይሁኑ አልኩ። ትልልቆቹ የጎማ ፋብሪካዎችም ሁለት ብቻ ሲቀየር የሚመክሩት ይህንኑ ነው። እርጥብ መንገድ ላይ የፊት ጎማ ሲያንሸራትት መኪናዋ መዞር እንቢ ትላለች፤ ሹፌሩ ይሰማዋል፣ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ብዙ ጊዜ ትመለስለታለች። የኋላው ሲያንሸራትት ግን መኪናዋ ተሽከርክራ ፊቷን ታዞራለች። ልምድ ያለው ሹፌርም ቢሆን ያን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ነባሮቹ የኋላ ጎማዎች በ2021 የተሠሩና 5 ሚሊ ሜትር ያላቸው ስለሆኑ ከፊት መሥራት ይችላሉ። ባለመኪናው ወንድሙን «ልጆቹ ከኋላ ነው የሚቀመጡት» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የምህንድስናው ምክንያት ይህ አይደለም፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ አልሄደም። እኔ ጋ ከመምጣቱ ከጥቂት ሳምንት በፊት ባለመኪናው አንድ ቦታ አላይመንት አስደርጎ ነበር። ቴስቲኒው ላልቶ እያለ ማንም አልነቀነቀውም። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ አረንጓዴ ሆነ፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ወዲያው ተመልሶ ተበላሸ። ስለዚህ ቴስቲኒው በሁለቱም በኩል ከተቀየረ በኋላ እንደገና መክፈል ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ክፍያ ውኃ በላው።

አዲሶቹ ጎማዎች ሻካራ አስፋልት ላይ ይጮኻሉ። ባለመኪናው ይህን አልወደደውም፤ እውነትም ከውዶቹ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይሰማል። የፍሬን ርቀታቸውም ከተሻሉት እኩል ነው ብዬ አልዋሽም። ርካሽ አዲስ ጎማ የገዛ ሰው በዝናብ ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ መንዳት አለበት።

በጣም ያስቸገረው ግን ነፋሱ ነው። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ራሱ እንዲለካ መለኪያ አስገዛሁት። ለተወሰነ ጊዜ ለካ፤ ከዚያ ተወው። በኋላ ሳየው አንዱ የፊት ጎማ ወደ 24 ወርዶ ነበር፤ ቀጭን ምስማር ይዟል። አዳማ ሲወርድ ደግሞ «ቆላ ስለሆነ ነፋስ አስቀንስ» የሚል ምክር ሰምቶ በትኩሱ አስቀንሷል። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የታወቀ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ወደ 2 ፒኤስአይ ሊጠጋ ይችላል። ፋብሪካው ቁጥሩን የሰጠው ለቀዝቃዛ ጎማ ሲሆን ይህንን ጭማሪ አስቦ ነው። በትኩሱ የቀነሰ ሰው ማታ ሲቀዘቅዝ የተራበ ጎማ ይዞ ያድራል። የተራበ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ በፈጣን መንገድ ላይ ለሚፈነዳ ጎማ አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ውጤቱ

በ2017 ክረምት መሀል ጎማዎቹን እንደገና ለካናቸው። ወደ ፊት የመጡት ነባር ጎማዎች ከውስጥም፣ ከመሀልም፣ ከውጭም 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። እኔን ያስደሰተኝ ይህ እኩልነት ነው። ከኋላ ያሉት አዲሶቹ 7 ላይ ናቸው። በድሮው አያያዝ በዚህ ጊዜ ውስጥ የፊቶቹ ከውስጥ ክራቸው ይወጣ ነበር።

ለተጠባባቂነት በ2020 መጨረሻ የተሠራ፣ ስንጥቅ የሌለው አንድ ያገለገለ ጎማ ገዛን። ያገለገለ ጎማን ጨርሶ አልጠላም። ዕድሜው ከታወቀና ጎኑ ንጹሕ ከሆነ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። የ2003ቱ ጎማ በረባሶ ለሚሠሩ ሰዎች ተሰጠ።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላው የሚሆነው

ቅደም ተከተሉ ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሠራል፦ መጀመሪያ አበላሉን ማንበብ፣ ከዚያ ያንን ያመጣውን መጠገን፣ ከዚያ ጎማ መግዛት፣ ከዚያ አላይመንት። በዚህ ጉዳይ የተረፈው ብር የመጣው ከሻጭ ጋር በመከራከር አይደለም፤ አራት ጎማ ይቀየር ከተባለው ሁለቱ ገና ጤነኛ ሆነው በመገኘታቸው ነው።

አራቱም ሊሾ ለሆኑበትና ለሁለት ብቻ ብር ላለው ሰው መልሱ ይለያል። ሁለት አዲስ ገዝቶ ሁለት ሊሾ ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው ሁለቱን አዲስ ከኋላ አስገብቶ፣ ለፊት ከ5 ዓመት ያልበለጠ ጥንድ ያገለገለ ጎማ በጥንቃቄ መርጦ፣ እስኪተካ ድረስ ከከተማ እንዳይወጣ ነው። አንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች (ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ) መጠናቸውም፣ ዓይነታቸውም፣ ጥርሳቸውም አንድ ይሁን።

ሚኒባስ ያለው ሰው ደግሞ የመሸከም ቁጥሩን ከሁሉ አስቀድሞ ይይ። ሃይኤስ ላይ የሚገባው ከመጠኑ መጨረሻ ሲ የሚል ፊደል ያለው የጭነት ጎማ ነው፤ ለምሳሌ 195 አር 14 ሲ። ቸርኬው ስለተቀበለው ብቻ የአውቶሞቢል ጎማ አስገብቶ ሙሉ ሰው የሚጭን ሹፌር አይቻለሁ። እዚያ ላይ የዋጋ ቅናሽ ማሰብ አይገባም።

የያሪሷ ባለቤት አሁን ለሚቀጥሉት ሁለት ጎማዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል። የፊቶቹ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ አሁን ኋላ ያሉት ወደ ፊት ይመጣሉ፣ አዲሶቹ ኋላ ይገባሉ። ከዚያ በፊት ግን መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ቴስቲኒው እንደገና ይነቀነቃል።